መጀመሪያ በስንት ዓመትዎ?

«ዛሬም አላነሳም?»

አቶ ብርሃነ መስቀል የመኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ኮት፣ የዋጋው ወረቀት ገና ያልተነሣለት አዲስ ባርኔጣ። ለክሩዝ ሽርሽር የሚሳፈሩበት መርከብ ከሳን ፍራንሲስኮ የሚነሣው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን ከምሳ ጀምሮ ለብሰው ይለማመዳሉ።

ዮዳሄ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየጎተተች ነበር። ቀና አላለችም።

«ኔትወርክ የለም፣ አባባ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ?»

«እዚያ እኮ... ዩ ኖው፣ ኢንተርኔቱ ይጠፋል።»

አዲስ አበባ ኢንተርኔት ጠፋ ቢባል የሚደነቅ የለም። አያቷ «እህ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስተዋቱ ተመለሱ። አመኗት። እሷን ያቃጠላት ደግሞ ማመናቸው ነው።

የአያቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ አክሊሉ ማክሰኞ ሞተው ረቡዕ ተቀብረዋል። ዮዳሄ ያወቀችው እናቷ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ሩዝ ስታጥብ ነው። የጋሽ አክሊሉ ልጅ ጽጌ ከአዲስ አበባ ደውላ ሰላም እንኳ ሳትል «ሠናይት፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለች። እናቷ ያን ጥያቄ እንደሰማች ውኃውን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ገና ምንም ሳይነገራት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ዮዳሄን ወደ መኪናው ወሰደቻትና በሩን ዘግታ ነገረቻት። አባባ አይሰሙም። ከጉዞው ሲመለሱ የቸርቹ ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው ያረዷቸዋል፤ ፓስተሩም ተስማምተዋል።

«ግን ወንድማቸው ናቸው፣ ማሚ።»

«አጎቴም ነው» አለች ሠናይት። «ስሚኝ ዮዲ። አባዬ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲሯሯጥ የኖረ ሰው ነው። አሥር ቀን ደስ ቢለው ምን አለበት? መርዶው የትም አይሄድም። ስልኩን የምትይዢለት አንቺ ነሽ። አደራ።»

አደራ ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? ዮዳሄ የአያቷን ስልክ ይዛ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጥሪም መልእክትም እንዳይጮኽ አደረገች። እውነቱን ለመናገር ቶሎ እሺ ያለችው ለእናቷ ብላ ብቻ አልነበረም። መርከቡን ፈልጋው ነበር። በጣም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር በሒሳብ ክፍል ነው። ለስታትስቲክስ ፕሮጀክት አንድ ጥያቄ ምረጡ ሲባል ዮዳሄ «መጀመሪያ ክሩዝ የወጡት በስንት ዓመትዎ ነው?» የሚለውን መረጠች፤ ሌላ የምታስበው ነገር ስላልነበራት። የክፍል ጓደኛዋ ማቲ «በስድስት» አላት፣ ቁርስ በላሁ እንደሚል ሰው። ከማቲ ሌላም ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ያሏት ነበሩ። እሑድ ቸርች ስትጠይቅ ግን ነገሩ ተቀየረ። እትዬ ትርፌ «በስልሳ ሁለት፣ ልጆቼን አስመርቄ ስጨርስ» አሉ። አንድ ሽማግሌ «እኔ ኖኅ አይደለሁም» ብለው አሳቋት። ግራፉ ሲሠራ በአንድ ጫፍ የክፍሏ ልጆች፣ በሌላው ጫፍ የቸርቹ ሰዎች ሆኑ፤ መሃሉ ባዶ ቀረ።

ሠናይት ግራፉን አይታ «እዚህ ባዶው ጋ ሁላችንም የሥራ ሺፍት ላይ ነበርን» አለች።

ዮዳሄ ለራሷ አሥራ አራት፣ ለእናቷ አርባ ስድስት፣ ለአያቷ ሰማንያ ብላ ከወዲሁ አስገብታ ነበር። አስተማሪዋ ገና ያልሆነ ነገር አይቆጠርም ብላ ሦስቱንም አወጣችባት። አሁን ነገ ይሆናል። ወይም አይሆንም።

«ነይማ» አሉ አያቷ ከመስተዋቱ ፊት። «ነገ መርከቡ የሳን ፍራንሲስኮው ትልቁ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ስልኩን ከፍ አድርገሽ ትይዥልኛለሽ። ከሥሩ እንዲያየው ነው የምፈልገው። እዚያ ሌሊት ይሆናል፤ ነቅቼ እጠብቃለሁ ብሎኛል።»

«ማን?» አለች፤ ማን እንደሆነ እያወቀች።

«አክሊሉ ነዋ። ያው አላምንም ነው የሚለው። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት እዚህ ስመጣ ያየሁትን ሁሉ እጽፍለት ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አላምንም፣ ፎቶ ላክ።» ሳቁ። «እኔም ክፉ ልማድ ሆነብኝ። ያየሁትን ለአክሊሉ ካልነገርኩት ያየሁት አይመስለኝም።»

ዮዳሄ ዚፑን ለቀቀችው።

«እመጣለሁ» አለች። «ትንሽ ዎክ አድርጌ እመጣለሁ።»

ከቤታቸው እስከ ሜሪት ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ፈጥና ሄደች፤ ሐይቁ ዳር ስትደርስ አግዳሚ ወንበር አገኘችና ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ሌላው ላይ ተቀመጠች። እግሯ አላርፍ አለ። ዝይዎቹ መንገዱን ዘግተው ሣር ይነጫሉ፤ ሯጮቹ ይዞሯቸዋል። ቅዳሜ ነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ያም አናደዳት።

ነገ ድልድዩ ሥር ስልኩን ከፍ አድርጋ ልትይዝ ነው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ ኔትወርክ የለም ልትል ነው። በየቀኑ አንድ ነገር ያያሉ፤ ዓሣ ነባሪ፣ በረዶ፣ ሌላም። ሁሉንም ለአክሊሉ ብለው ያስቀምጡታል። አሥር ቀን ሙሉ ለሌለ ሰው። ሲመለሱም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ ከማክሰኞ ጀምሮ ቆጥረው መዋሸቷን ይደርሱበታል። እናቴን ይቅር ሊሉ ይችላሉ፣ እኔን ግን እንዴት ብለው ያምኑኛል? አለች በልቧ። ፈራች። ከዚያ ስለ ራሷ መፍራቷ አሳፈራት።

አሁን ተመልሳ ብትነግራቸውስ? ያም አይሆንም። አምና እትዬ ትርፌ የእናታቸውን ሞት ሱቅ ውስጥ ተሰልፈው ፌስቡክ ላይ ነው ያዩት። የያዙትን ወተት እንደያዙ፣ የሚደግፋቸው ሰው በሌለበት። በቸርቹ እስከ ዛሬ የሚወራው ስለ ሞቱ ሳይሆን ብቻቸውን ስለ መስማታቸው ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሰው ኮትና ባርኔጣ እንደለበሱ በር ላይ አቁማ ልትነግራቸው አትችልም። ሰው ያስፈልጋል። የሚያውቃቸው፣ አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው።

የቸርቹ ሽማግሌዎች ከእናቷ ጋር ተስማምተዋል። ያልሰማ አንድ ሰው ግን አለ። ሳን ሆዜ የሚኖሩት ጋሽ ሰረቀብርሃን ከአያቷ ጋር አብረው የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ከጋሽ አክሊሉም ጋር በአንድ ሰፈር ነው ያደጉት። እናቷ ሆን ብላ ነው ያልነገረቻቸው። «ሆዱ አይችልም፣ ፊቱ ያስታውቃል» ብላ።

ዮዳሄ ስልኳን አወጣች፤ መልሳ ኪሷ ከተተችው። አንድ ዙር ዞረች። አወጣችው።

«ሄሎ፣ ጋሽ ሰረቀብርሃን? ዮዳሄ ነኝ።»

«እንዴት ነሽ የክሩዟ ልጅ። ሻንጣው ተዘጋ?»

የምትለውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«አጠገብዎ ሰው አለ?»

ከበስተጀርባ ሲጮኽ የነበረው ቴሌቪዥን ጠፋ።

«ሚክያስ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ጓሮ ነው። ልጥራው?»

«ይጥሩት።»

የበር ድምፅ፣ የሰው ኮቴ፣ «ምን ሆንክ አባዬ?» የሚል የልጃቸው ድምፅ ተሰማት። ወንበር ተሳበ።

«ተቀምጫለሁ። በይ ልጄ።»

«ጋሽ አክሊሉ...» አለች። ለስለስ ያለ አባባል እንዳለ ታውቃለች፤ ፈልጋ አገኘችው። «ጋሽ አክሊሉ አረፉ።»

ዝይዎቹ ተጯጯኹና ዝም አሉ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ብርሃነስ?»

«አልሰሙም። ነገ ለጉዞው ብለው... ማሚ ከመልስ በኋላ ይሻላል ብላ ነው። አባባ ግን ነገ ከመርከቡ ላይ ሊደውሉላቸው ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እናትሽ ናት ደውዪ ያለችሽ?»

«ኖ። አታውቅም።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አራት።»

ጋሽ ሰረቀብርሃን እያለቀሱ ነው፤ አልደበቁትም። «ያን ቀን መጀመሪያ በስንት ዓመትዎ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ውኃ አልወድም ብዬ አባረርኩሽ» አሉ። «እኔ መጀመሪያ ሰው ሳረዳ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ያውም ከአምስት ሰው ጋር ሄጄ። አረፈ የምትለዋን ቃል እኔ መጨረስ አቅቶኝ ሌላ ሰው ነው የጨረሰልኝ።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ። በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ።»

«ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ነገ ማልደን እንመጣለን። ሁለት ሦስት ሰው ይዤ። ለእናትሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪያት። ከገዛ ልጁ ተደብቀን ብርሃነን አናረዳም።»

ስትመለስ ሠናይት ማዕድ ቤት የአባቷን ክኒን የቀናቱ ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች። ዮዳሄ ጃኬቷን ሳታወልቅ ነገረቻት። ካዘገየችው እንደማትናገረው ታውቃለች።

ሠናይት የሐሙስን ክዳን እንደያዘች ቀረች።

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ላይሄድ ይችላል እኮ። እሱ ካልሄደ እኛም አንሄድም። ገብቶሻል? በሰማንያ ዓመቱ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።»

«ገብቶኛል።»

«አንቺም መሄድ ትፈልጊ ነበር።»

«አሁንም እፈልጋለሁ» አለች ዮዳሄ፤ እንባዋ መጣ። «ግን ድልድዩ ሥር ስልኩን ይዤ ኔትወርክ የለም ማለት አልችልም። ማሚ፣ አይ ካንት። በይ ካልሽኝም አልልም።»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን አልመጣም። ክዳኑን አስቀመጠች፤ የፎጣውን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች፣ ድምፅ እንዳይወጣ። ከማክሰኞ ጀምሮ ስታለቅስ ዮዳሄ አላየቻትም። አጎቷ ሞተው በገዛ ቤቷ የምታለቅስበት ጥግ አጥታ ነበር። ዮዳሄ ይህን እስካሁን አላሰበችውም፤ አሁን ሄዳ ከኋላ አቀፈቻት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሠናይት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። በማዕድ ቤቱ በር በኩል ወደ ሳሎኑ አየች። አንድ ሶፋ፣ ሁለት ወንበር፣ መሃል ላይ ተዘግተው የቆሙ ሦስት ሻንጣዎች።

«ወንበር አይበቃንም» አለች።

ሻንጣዎቹን ተጋግዘው ወደ ኮሪደሩ ገፏቸው። ከጋራዡ ተጣጣፊ ወንበሮቹን አምጥተው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አስደገፏቸው፤ መዘርጋቱ ለነገ ይቆያል። ዮዳሄ የመጨረሻውን ይዛ በአያቷ በር ስታልፍ ጠሯት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቱን አውልቀዋል፤ ባርኔጣው ግን አለ።

«ዮዳሄ፣ ኔትወርኩ እንዴት ሆነ?»

ወንበሩን እንደያዘች ቆመች።

«ኔትወርኩ ደህና ነው፣ አባባ» አለች። «ዛሬ ግን አንደውልም።»

አያቷ አዩዋት። ወንበሩንም አዩት። ሊጠይቋት ነው ብላ ደነገጠች፤ እሳቸው ግን እግራቸውን ሰብስበው ለወንበሩ ቦታ ለቀቁ። ዮዳሄ ገብታ ወንበሩን አልጋው አጠገብ ዘረጋችና ተቀመጠች።

«ስለ ጋሽ አክሊሉ ይንገሩኝ» አለቻቸው። «መጀመሪያ አላምንም ያሉት ምን ጽፈውላቸው ነው?»

አቶ ብርሃነ መስቀል ባርኔጣውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የዋጋውን ወረቀት በጣታቸው ሲያሻሹ ቆዩ።

«ድልድዩን» አሉ። «ያን የሚያህል ብረት ነፋስ ያወዛውዘዋል ብዬ ጻፍኩለት።»

ዮዳሄ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።