ቢጫው ቀለም ላይ ያለው ዱካ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጂን አየሁ ያለኝን ሁሉ "ምን በልተህ ነው ያደርከው?" እያልኩ የማሾፍ፣ ሥራዬም ኤርኮንዲሽን መጠገን ስለሆነ የሰው ቤት ጣሪያ ውስጥ ሲንኳኳ፣ ሲያፏጭ፣ ሲያቃስት ሰምቼ መጨረሻው የላላ ብሎን ወይ አይጥ ሆኖ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግርህን ሰምተህ "ሰዒድም ለየለት" ብትል አልፈርድብህም፣ እኔም ራሴን ብዬዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነው። እዚህ አሜሪካ የተራራ በግ ማደን እንደ አጋዘን አይደለም፣ ፈቃዱ በሎተሪ ነው የሚወጣው፣ ስንቱ በየዓመቱ አፕላይ ሲያደርግ ኖሮ ሳይደርሰው ጉልበቱ ይደክማል። እኔም እሞላለሁ፣ ጥላሁንም ይሞላል። ጥላሁን ማለት አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ አጋዘን አብሮኝ የሚያድን፣ አፉ የማያርፍ ጓደኛዬ ነው። ዘንድሮ ለእኔ ወጣልኝ! ኮል አድርጌ ስነግረው "ዲቪ ደረሰህ፣ አሁን ደግሞ በግ ደረሰህ፣ አንተ ሰውዬ ምን አስደርገህ ነው?" አለኝ። ቅናቱ ከስልኩ ውስጥ ይሸታል።

ቤቴ ግን ያኔ ጭንቅ ላይ ነበር። አማቴ፣ የባለቤቴ የሐዋ አባት፣ አባባ ይመር ይባላሉ፣ የደሴ ሰው ናቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ሆዳቸውን ኦፕሬሽን ከሆኑ ወዲህ ምግብ እምቢ አሉ፣ ሐዋ የማትሠራው የለም፣ እሳቸው አንዴ ይቀምሱና "አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙ ካልበሉ እንደማይነሱ ቁርጡን ነግሮናል። ሐዋ ኪችን ገብታ ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች፣ እኔም የማልሰማ መስዬ ቴሌቪዥን አያለሁ።

የዕጣውን ነገር ስነግራቸው ግን ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

"የተራራ በግ? ገደል ለገደል የሚሄደው?"

"አዎ አባባ፣ ቀንዱ እንዲህ የተጠመዘዘ።"

"እሱን ብታመጣልኝ እበላ ነበር" አሉ፣ ወላሂ ሐዋ በሩ ጋ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በምንድን ነው የምትገድለው ግን?"

"በጠመንጃ ነዋ አባባ።"

"እንግዲያ ተወው፣ አትልፋ።"

ምክንያታቸውን ላስረዳህ። እሳቸው ቁርአን የቀሩባቸው ሼሆች ጥይት ቀጥቅጦ ነው የሚገድል፣ ስለት የለውም፣ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰህ በቢላ ካላረድከው አይበላም ብለው ነው ያስተማሯቸው። ፍላጻ ግን ጫፉ ስለት ነው፣ ቢስሚላህ ብለህ ከለቀቅከው ቢላ እንደወረወርክ ነው። የእኛ መስጊድ ኢማም ጥይትም ይበቃል ይላሉ፣ ይህንኑ ስነግራቸው "እሳቸው ይብሉታ" አሉኝ። ከወሎ ሽማግሌ ጋር ተከራክረህ ታውቃለህ? አትሞክረው።

ቀስትማ አለኝ፣ አጋዘን የማድነው በሱ ነው። ግን አስበው፣ በጠመንጃ ከአንዱ ሸንተረር ሆነህ ማዶ ያለውን ትጥለዋለህ፣ በቀስት ከሆነ ከሳሎን እስከ መንገድ ዳር ያህል መጠጋት አለብህ፣ በጉ ደግሞ ዓይኑ ለጉድ ነው፣ ገና ኮፍያህ ብቅ ሲል ተራራውን ቀይሮታል። በቀስት የሄደ አብዛኛው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ወይ በጠመንጃ እሳቸው የማይበሉትን ሥጋ አመጣለሁ፣ ወይ በቀስት ሄጄ ሥጋውንም ዕጣዬንም አጣለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ጥላሁን ግን መልስ አያጣም። "በጠመንጃ ጣለውና ሮጠህ ነፍሱ ሳይወጣ እረደው!" አለኝ። መሐል ላይ ገደል አለ ስለው "ታዲያ ወደ ታች አይደል የምትሮጠው?" አይልህም! በመሄጃችን ዋዜማ አመሻሽ ላይ ጥሩውን ጠመንጃውን ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ይዞልኝ መጣ፣ መኪናዬ ውስጥ ቆለፍንበት፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ከአባባ ጋር ሻይ እየጠጣ ክርክሩን ቀጠለ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ወደ ጠመንጃው ሄዶ ነበር፣ ቢያንስ ባዶ እጄን አልመለስም ብዬ ቀስቴን ከነሳጥኑ አንስቼ ልቆልፍበት ወደ ታች ወረድኩ።

የእኛ አፓርትመንት ፓርኪንግ ከመሬት በታች ነው፣ መጨረሻው ላይ የየቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሎች አሉ። የዚያን ዕለት ሠራተኞች የእግረኛውን መተላለፊያ ቢጫ ቀለም ቀብተውት ነበር፣ ገና አልደረቀም፣ "አትርገጡ" ብለው ዳርና ዳሩን ብርቱካናማ ኮን ደርድረዋል። እኔ በመኪኖቹ መሐል ዞሬ ሄድኩና ሳጥኑን በሩ ላይ አስደግፌ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ስፈልግ ከወዲያ ጫፍ፣ መኪና ከሚገባበት በኩል፣ ቀጭ አለ። ቧንቧ ነው አልኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ቧንቧ እንዲህ አይልም፣ እመነኝ፣ ቧንቧ ሥራዬ ነው።

እዚያ ያሉት መብራቶች ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው የሚበሩት። የወዲያኛው በራ። ማንም የለም። ቀጥሎ ያለው በራ፣ ቀጥሎ ያለው በራ፣ ማንም የለም፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ እኔ ይመጣል፣ መብራቱም በተራ በተራ እየበራ ይመጣል። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አጠገቤ ያለው ሲበራ ድምፁ ቆመ፣ ዝናብ የመታው የበግ ጠጉር ሸተተኝ፣ ከዚያ ከፊት ለፊቴ፣ እፍ ብሎ በአፍንጫው ተነፈሰ። ትንፋሹ እጄን ሞቀኝ። ሳጥኑ ውስጥ፣ ተቆልፎ ባለ ሳጥን ውስጥ፣ የቀስቴ ገመድ እንደተለቀቀ ሁሉ እምምም አለ።

"አዑዙ ቢላህ!" አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወደ መሬት ሳይ ግን ትኩሱ ቢጫ ቀለም ላይ ኮቴ አለ። ሁለት ጣት ያለው የበግ ኮቴ፣ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ሳጥኔ ድረስ መጥቶ፣ ሳጥኑ ሥር ቆሟል። የመመለሻ የለውም።

ጥላሁንን በስልክ ጮሄ ጠራሁት። ወርዶ አየና ምን እንዳለ ታውቃለህ? "ከሐበሾቹ አንዱ በግ ገዝቶ አምልጦት ነው!" ሳቅህን ያዝ፣ እኔም አመንኩት፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሐበሻ ሞልቷል፣ እርሻ ሄዶ በቁሙ ገዝቶ መምጣትም ያለ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለን በየመኪናው ሥር በስልክ መብራት በግ ፈለግን፣ ጥላሁንማ "ና፣ ና" እያለ ቁልፉን እንደ ደወል ያንቃጭልለታል። በግ የለም። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችንን በር አንኳኩተን "በግ ጠፍቶብሃል?" ብንለው አየን፣ አየንና በሩን ዘጋው።

ተመልሰን ወረድን፣ የመጨረሻውን ኮቴ ፎቶ አነሳሁት፣ አንደኛው ጣት ጫፉ ላይ ተሸርፏል። ከዚያ ሳጥኑን አንስቼ ወደ ክፍሉ ላስገባ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የለኝም። መኪናዬን ከፈትኩና ጠመንጃውን አውጥቼ ለጥላሁን አስታቀፍኩት።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"በቀስት ነው የምሄደው።"

"እብድ! ዕጣህን መጣልህ ነው! እኔ ቢደርሰኝ ኖሮ…"

"አልደረሰህማ" አልኩት። ሊመታኝ ምንም አልቀረውም፣ በማግስቱ ግን አብሮኝ በረረ፣ ጓደኛ ማለት ያ ነው።

ተራራውን ብዙ አላወራልህም። ድንጋይ፣ ብርድ፣ የሚያልቅ የማይመስል አቀበት፣ ፊት ፊታችን የሚሄድ ቀጭን አሜሪካዊ መሪ። በጎቹን ቀን በቀን እናያቸዋለን፣ ማዶ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፣ ጥላሁን ባየ ቁጥር "ይሄኔ ጠመንጃ ቢኖርህ ሥጋውን እየከተፍን ነበር" ይለኛል። እኔ በሆዴ እየተሳብኩ እጠጋለሁ፣ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ይሸሻሉ። በመጨረሻው ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ አባባን ምን ብዬ ነው የማያቸው እያልኩ አንድ ቋጥኝ ተደግፌ ቁጭ ብያለሁ፣ ከኋላዬ ቀጭ አለ።

ጠጉሬ ቆመ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ እየመጣ ነው፣ ያ ዝናብ የመታው ጠጉር ሽታ መጣ፣ ቀስ ብዬ ቀስቱን ሳብኩ። አውራው በግ ከቋጥኙ ጎን ወጣ፣ ቀንዱ ዞሮ ጉንጩ ላይ ደርሷል፣ ሊሸሽ ሲገባው ቆመና አየኝ፣ ደንበኛ አድርጎ አየኝ፣ ከዚያ ጎኑን ሰጠኝና እፍ ብሎ ተነፈሰ። "ቢስሚላሂ አላሁ አክበር!" ለቀቅኩት። ጥቂት ሄዶ ተንበረከከ፣ ነፍሱ ሳይወጣ ደረስኩ፣ ቢላዬን አውጥቼ ወደ ቂብላ አዙሬ አረድኩት። በስለትም በቢላም! ምን ቀረ?

ጥላሁን ከታች "ዘራፍ!" እያለ ሽቅብ ሮጠ፣ ቀስቴን ነጥቆ እየሸለለ ይዘላል፣ መሪያችን ሰው የሞተ መስሎት ቦርሳውን ጥሎ መጣ። እኔ ተንበርክኬ እየሳቅኩ አለቅስ ነበር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ልጄ ስትወለድ እንኳ (ለሐዋ እንዳትነግርብኝ)።

ለማስታወሻ ብዬ የፊት ግራ እግሩን ቆርጬ ሳነሳ አንደኛው ጣት ጫፉ ተሸርፏል፣ በጣቶቹ መሐል ደግሞ ቢጫ ነገር አለ። መሪያችን አየውና "የድንጋይ ሽበት ነው፣ እዚህ ቋጥኙ ሁሉ ላይ ይበቅላል" አለኝ። ቋጥኙ ላይ እውነትም ቢጫ ሽበት ነበር። እግሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቤት ስንገባ ሐዋ እልልታዋን ያቀለጠችው በሩ ሳይከፈት ነው። አባባ ይመር ከአልጋቸው ተነስተው ጠረጴዛ ቀረቡ፣ ሥጋው ተቀቅሎ መጣ፣ "በምን ጣልከው?" አሉኝ፣ "በቀስት አባባ፣ ነፍሱ ሳይወጣም ደርሼ አርጄዋለሁ" አልኳቸው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ጎረሱ። ደገሙ። ሰለሱ። ሳህኑን ሐዋ ልታነሳው ስትል እጇን ያዙ! ጥላሁንም "የእስላም ሥጋ ነው ብላችሁ እንዳታስቀሩኝ፣ በሆዴ ነው የተሳብኩበት" ብሎ በስመ አብ አለና ተቀመጠ፣ አባባም "ብላ፣ ለእናትህ አልናገርም" ብለው ሳቁ። የእሳቸውን ሳቅ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ያኔ ነው የሰማነው።

ከበላን በኋላ ያቺን እግር ይዤ ከጥላሁን ጋር ወደ ፓርኪንጉ ወረድን። ቀለሙ ደርቋል፣ ኮቴው እንዳለ ነው፣ አሳንሰሩ ላይ ደግሞ "እባካችሁ የቤት እንስሳችሁን ያዙ" የሚል ተለጥፏል። እግሯን ሳጥኑ ሥር ካለው የመጨረሻው ኮቴ ላይ አስቀመጥኳት። ልክክ! ሽራፊው በሽራፊው ላይ። ጥላሁን ፊቱ ተለወጠ፣ እግሯን ከእጄ ወሰደና ወደ ኋላ እየሄደ በየኮቴው ላይ ያስቀምጣት ጀመር። ልክክ። ልክክ። እስከ መግቢያው ድረስ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሰዒድ፣ ይሄ እኮ በግ የሄደበት አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሁሉም ግራ እግር ነው። ሁሉም የዚችው ነው። የቀሩት ሦስት እግሮችስ?" እግሯን እያሳየኝ ድምፁ ቀነሰ። "ይሄን ማን ነው በእጁ ይዞ እያተመ የመጣው?"

መልስ ካለህ ንገረኝ። በጉ ያኔ በሕይወት ነበር፣ እግሯም ገላው ላይ ነበረች፣ የቆረጥኳት እኔ ነኝ፣ እስከዚያች ሰዓት ከሻንጣዬም ከቤቴም ወጥታ አታውቅም።

አባባ ይመር አሁን ይሄዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ጠዋት ፍሪዘሩን ከፍተው "ይቺ እግር ሾርባ ይወጣታል፣ እግር ይቀቀላል እንጂ ለማስታወሻ ይቀመጣል?" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ትቆይ አባባ እላለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ዱካው ታትሟል፣ ያተመው ግን እግሯን ከእኔ ገና አልወሰደም፣ ሊወስዳት መምጣቱ አይቀርም፣ እኔም በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ፍሪዘሩን ነው።