ለቆመ ሰው የተነፋ ጥሩምባ

«ይኼ ሰውዬ ግን ጎበዝ ነው» አሉ ኮሎኔል ገብረዮሐንስ፣ ወረቀቱን ከመነጽራቸው ራቅ አድርገው። «እስካሁን በሕይወት አለ?»

ፊርደውስ ጫማዋን አየች። ሰውየው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ነገ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ እሳቸው የክብር እንግዳ ሆነው ከፊት ተቀምጠው፣ እሷ ማይክ ይዛ የምታነበው የሕይወት ታሪካቸው ነው።

«ሰባት አውሮፕላን ጥሏል» ማንበባቸውን ቀጠሉ። «ጠላት ሲይዘው የእስር ቤቱን ግንብ ደርምሶ፣ ሦስት ዘበኛ አንቆ፣ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ አገሩ ገባ። ግንቡን የደረመስኩት በምንድን ነው? እዚህ ላይ አልተጻፈም።»

«ሄኖክ ነው የጻፈው፣ አባባ።»

«ሄኖክ ያኔ የት ነበር?»

ሄኖክ ያኔ አልተወለደም። አባቱም ቢሆን ገና ዳዴ ይል ነበር።

ጥፋቱ ግን የሄኖክ ብቻ አልነበረም። የታሪክ ክበቡ «የሰፈሬ ሰው» የሚል ውድድር አውጥቶ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድብ፣ እነሱ ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ፊርደውስ ትጠይቃለች፣ ሄኖክ ይጽፋል። ፊርደውስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትጠይቅ ቀረች። እሪ በከንቱ ውስጥ፣ ከሰፈሩ ፈረሳ በተረፈ ግቢ፣ ከኮሎኔሉ ጋር በአንድ በር እየገባች እየወጣች፣ መጠየቅ ፈራች። ሄኖክም ቀኑ ሲደርስበት ከራሱ አፈለቀ። እሱ ደግሞ ሲያፈልቅ ወንዝ ነው።

የፈራችበት ምክንያት ነበራት። ኮሎኔሉ ባዩዋት ቁጥር የሚጠሯት «የገዳዬ ልጅ» ብለው ነው። «የገዳዬ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መጣሽ?» «የገዳዬ ልጅ፣ አባትሽ ሱቅ ስኳር ገባ?» አባቷን ፋሩቅን ስትጠይቀው «የድሮ ቀልድ ነው፣ ተያቸው» ይላል። ደግሞ የቮልሷ ነገር አለ። ጎማዋ ከተነፈሰ ዓመታት ያለፉት ሰማያዊ ቮልስ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ኮሎኔሉ በየማለዳው ከግራ በኩል ጀምረው ይዞሯታል፣ ጎማዋን ይነካሉ፣ መስታወቷን ይዳስሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ያያሉ። ከዚያ ጥለዋት ይሄዳሉ። የሰፈሩ ልጆች ሙድ ይይዙባቸዋል። እኛም አዋቂዎቹ ብንሆን ከልጆቹ ብዙ አንሻልም።

«እሺ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች ፊርደውስ እስክሪብቶዋን አውጥታ።

«የጣልኩት አንድ ተኩል ነው።»

«ተኩል?»

«አንዱን ለብቻዬ፣ ሌላውን ከጓደኛዬ ከጎይቶም ጋር ተጋርተን። ሜዳሊያው ለዚያ ነው የተሰጠኝ። በሳምንቱ እኔም ኦጋዴን ላይ ተመታሁ። በፓራሹት ወረድኩ፣ እግሬ ተሰበረ፣ ተማረክሁ። አስራ አንድ ዓመት ሱማሌ አገር ታሰርኩ። ግንብ አልደረመስኩም። መንግሥታቱ ሲስማሙ በሩን ከፍተው ‹ሂዱ› አሉን፣ ሄድን።»

ፊርደውስ ጻፈች። በልቧ ግን ሄኖክ ይኼን ሲሰማ ምን እንደሚል ታስብ ነበር።

«ጎይቶም ከላይ ሆኖ ያየው ጭሱን ብቻ ነው» አሉ ኮሎኔሉ። «ፓራሹቱን አላየም። እናቴ ሁለት ዓመት ጠበቀችኝ። በመጨረሻ እድሩ ተሰበሰበ፣ ለቅሶው ይውጣ ተባለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ አያትሽ አብዱልሃሚድ ነበር። በማለዳ እየነፋ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ፤ ‹የመቶ አለቃ ገብረዮሐንስ አርፏል፣ ድንኳን ጣሉ› ብሎ። ድንኳኑም ተጣለ፣ ተለቀሰልኝ። እንግዲህ ማነው የገደለኝ?»

ፊርደውስ እስክሪብቶዋን አቆመች። «እና እርስዎ ያን ቀን…»

«እኔማ ያን ቀን ድሬዳዋ ነበርኩ።»

«‹ታስሬ ነበር› አላሉም?»

«ታስሬ ነው። ክፍሏ ሁለት እርምጃ ተኩል ናት። ጠዋት ስነሳ በሌለች አውሮፕላን ዙሪያ እዞራለሁ። ጎማዋን አያለሁ፣ ክንፏን እዳስሳለሁ። ዞሮ ሳያይ የሚነሳ አብራሪ ሰነፍ ነው። ከዚያ ቁጭ እልና ከደብረ ዘይት እነሳለሁ። ድሬዳዋ አርፋለሁ፣ እመለሳለሁ። በየቀኑ። አንድ ቀን አልቀረሁም።»

«ነዳጅ አያልቅብዎትም ነበር?»

«ነዳጁ አላለቀም። ያለቀው ሱሪዬ ነው።»

ፊርደውስ ሳቀች፣ ዘወር ስትል ግን ቮልሷን አየቻትና ሳቋ ቆመ።

«ስመለስ መጀመሪያ ያገኘሁት አያትሽን ነው፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ። እኔ በምርኩዝ፣ ጢሜ እዚህ ድረስ። ‹አብዱልሃሚድ› አልኩት። የያዘውን የሽንኩርት ዘንቢል ለቀቀው። ሽንኩርቱ ቁልቁል እየተንከባለለ እሱ አንዴ ሽንኩርቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። ‹እኔ እኮ ቀበርኩህ› አለኝ። ከዚያ እኔን እዚያው ገትሮኝ ቤቱ ሮጠ፣ ጥሩምባውን አመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ይነፋው ጀመር። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ‹ማን ሞተ? ማን ሞተ?› ይላል። አያትሽ ‹ማንም አልሞተም። ገብረዮሐንስ መጥቷል፣ ውጡና እዩት› አለ። ያው ለለቅሶዬ የተጣለው ድንኳን እንደገና ተጣለ፣ ሦስት ቀን ተጨፈረበት።» ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «የእድሩ ደንብ ውስጥ ግን ከሞት ስለተመለሰ አባል የሚል አንቀጽ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። በኋላ አያትሽ ተነስቶ ‹የገደልኩት እኔ፣ የማነሳውም እኔ› አለና ስሜን አስመለሰልኝ።»

«ታዲያ ነገ ይኼን ልበል?»

ኮሎኔሉ የሄኖክን ወረቀት አራት አጥፈው መለሱላት። «ነገ አብራሪዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ተሳፋሪ መሪ አይነካም። ግን አንድ ነገር እወቂ፤ ምርኮኛ የሚለው ቃል ለሁሉም አይጥምም። ስመለስ ‹ለምን አልሞትክም?› ያሉኝም ነበሩ።»

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ፊርደውስ አባቷን የአያቷን ጥሩምባ ጠየቀችው። ፋሩቅ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደላት። አፉ የተጨረመተ የቆርቆሮ ጥሩምባ ነው። አቧራውን በእጅጌው ጠረገው።

«ለምንሽ ነው?»

«ገና አላወቅሁም» አለች። እውነቷን ነበር።

* * *

«ምርኮኛ?» አለ ሄኖክ በማግሥቱ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ። «ፊርዲ፣ በናትሽ። ጀግና ብለን ጠርተናቸው ‹ተያዙ፣ ታሰሩ፣ ለቀቋቸው› ልትይ ነው?»

«እውነቱ ነዋ።»

«አቦ እውነቱን ማን ጠየቀሽ? ፖስተሩ ተሰቅሏል እኮ። ‹ሰባት› የሚለውን በቀይ ነው የጻፍኩት፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ይነበባል።»

«እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የማነበው፣ ሄኖክ።»

«ይደሰታሉ! ሰው ሰባት ሲሉት አንድ ተኩል ነኝ ይላል እንዴ? ፋራ አትሁኚ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የአያትሽ ነገር። ‹አያቷ ሰው በቁሙ ገደሉ› እያሉ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጫወቱብሽ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ገባቻት። ዘበኛው ጋሽ ዘርኡ ቦርሳዋን ሲፈትሹ ጥሩምባውን አገኙና ቀና ብለው አዩዋት። እሳቸውም የድሮ የሰፈሩ ሰው ናቸው።

«የአብዱልሃሚድ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«በይ አደራ» ብለው በሁለት እጃቸው መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ስድስት ቡድን ቀድሟቸው አቀረበ። ከዚያ የታሪክ መምህሯ ቲቸር ምብራት የእነ ፊርደውስን ስም ጠሩ፣ ኮሎኔሉም ከፊት ወደተዘጋጀላቸው የፕላስቲክ ወንበር መጡ። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፣ ሜዳሊያው ደረታቸው ላይ አለ። አልተቀመጡም። ከግራ በኩል ጀምረው ወንበሩን ዞሩት፣ እግሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ መደገፊያውን ዳሰሱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ቦንብ አለ መሰላቸው!» ብሎ ጭራሽ አባሰው። ኮሎኔሉ ዞረው ሲጨርሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

መድረኩ ላይ ፊርደውስ ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዛ ቆማለች። ሄኖክ ከጎኗ «በይ፣ ‹ሰባት› ከሚለው ጀምሪ፣ ዝም ይላሉ» አላት በሹክሹክታ።

እውነት ነው፣ ከዚያ ብትጀምር ዝም ይሉ ነበር።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጋ። ከዚያ ከግራ በኩል ጀምራ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረችው፣ አራቱንም ማዕዘን በእጇ እየነካች። እንደገና ተሳቀ። ኮሎኔሉ ግን አልሳቁም፤ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ፖስተሩ ላይ ያለው ልክ አይደለም» አለች ማይኩን ይዛ። ሄኖክ አይኑን ጨፈነ። «የጣሉት አንድ ተኩል ነው። እስር ቤት አልሰበሩም። ተመትተው ወርደው ተማረኩ። አስራ አንድ ዓመት ምርኮኛ ነበሩ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «ታዲያ ምናቸው ነው ጀግና?» አለ ያው የኋላው ልጅ።

ፊርደውስ መድረኩ ላይ ተራመደች። አንድ፣ ሁለት፣ ተኩል። ዞረች። አንድ፣ ሁለት፣ ተኩል። ዞረች። «ክፍላቸው ይቺን ታክላለች» አለች። «በየጠዋቱ እዚህ ውስጥ በሌለች አውሮፕላን ዙሪያ ይዞሩ ነበር። አሁን ወንበሩን እንደዞሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው እስከ ድሬዳዋ ይበሩ ነበር። በየቀኑ፣ አስራ አንድ ዓመት። እስቲ አንተ አንድ ሳምንት ሞክረው።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ስለ ጎይቶምና ስለ ጭሱ ነገረቻቸው። ስለ እድሩ ነገረቻቸው። «መሞታቸውን በጥሩምባ ያወጀው የእኔ አያት ነው» ስትል ፊቷ ጋለ፣ ግን አላቋረጠችም። ድልድዩ ላይ ሽንኩርቱ ሲንከባለል አዳራሹ ሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ሌላ ነበር፣ ኮሎኔሉም አብረው ሳቁ።

«ከዚያ አያቴ ቤቱ ሮጦ ይኼን አመጣ» አለችና ጥሩምባውን ከቦርሳዋ አወጣች።

መጀመሪያ ስትነፋው የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው አህያ ይመስል ነበር። ልጆቹ ወንበር እየመቱ ሳቁ። አየር ሳበች፣ ከንፈሯን አጠበቀች፣ ደገመችው። ይኼኛው ወጣ። ረዥም፣ ሻካራ፣ አዳራሹን ሞልቶ በመስኮት ወደ ግቢው የሚፈስ ድምፅ።

የአዳራሹ በር ተበረገደ። ጋሽ ዘርኡ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያለከለኩ ቆመዋል። ጥሩምባውን ጠዋት በገዛ እጃቸው እንደፈተሹት ረስተውታል፤ ጆሮ ግን እንዲህ ያለውን ድምፅ አይረሳም።

«ማን ሞተ?» አሉ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ ፊርደውስ ዞረ። እሷም ቃሉን ከየት እንደምታመጣው ታውቅ ነበር።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። ገብረዮሐንስ መጥተዋል፣ ይግቡና ይዩዋቸው።»

ኮሎኔሉ ከወንበራቸው ተነሱ። ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ እጃቸውን ከጎናቸው ገጥመው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አለሁ» አሉ።

መጀመሪያ የተነሳው ያው የኋላው ልጅ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ጭብጨባውና ፉጨቱ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ጋሽ ዘርኡ በሁለቱ ረድፍ መሀል አልፈው ኮሎኔሉን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳሟቸው፣ የሞተ ዘመዳቸው የተመለሰ ይመስል። ቲቸር ምብራት አይናቸውን በሶፍት እየጠረጉ፣ በዚያው እጃቸው ውጤት ይጽፉ ነበር። ሄኖክ ከመድረኩ ጠፍቷል። ፊርደውስ ስትፈልገው ፖስተሩ ሥር አገኘችው። በጥቁር ማርከር «ሰባት አውሮፕላን» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «አስራ አንድ ዓመት» ብሎ እየጻፈ ነው።

«አሁንም ከአደባባዩ ይነበባል» አላት ዞር ሳይል።

* * *

ወደ ክፍለ ከተማው ውድድር የሚያልፉት እነሱ ሆኑ። «ጥሩምባውን ግን እዚያ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ» አሉ ቲቸር ምብራት፣ «የሰው ልብ አለ።»

ሦስቱ ወደ ሰፈር ዳገቱን በኮሎኔሉ እርምጃ ወጡት። ሄኖክ የተጠቀለለውን ፖስተር ተሸክሞ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ለሚያገኘው ሁሉ «አንድ ተኩል አውሮፕላን!» እያለ ያስተዋውቃቸዋል። የጸጸቱ አወጣጥ እንደዚህ ነው እንግዲህ።

«የገዳዬ ልጅ» አሉ ኮሎኔሉ ትንፋሽ ሲወስዱ ቆም ብለው። «አያትሽ ሁለት ጊዜ ነፋልኝ። አንዱን በስህተት፣ አንዱን በደስታ። ዛሬ ሦስተኛው ሆነ።» ምርኩዛቸውን አስተካክለው ያዙ። «አራተኛው የእውነቱ ነው። አብዱልሃሚድ ካለፈ ወዲህ፣ እሱን ማን ይነፋዋል እያልኩ አስብ ነበር።»

ፊርደውስ ጠጋ አለቻቸው። ዳገቱ እስኪያልቅ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።

ቤት ስትገባ ፋሩቅ ወንበሩን ወደ ቁም ሳጥኑ አስጠግቶ፣ ጥሩምባውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ከበሩ ጀርባ ቦርሳዋ የሚሰቀልበት ሚስማር አለ። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ጥሩምባውን እዚያ ሰቀለችው፣ እጅ በሚደርስበት።