የተሰፋው ገበር

ሐብሉ የጠፋው ከሳጥን ውስጥ አይደለም። ከአንገት ላይ ነው።

ያውም ከአልጋ መነሳት ከማይችሉ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ሰው ከአጠገባቸው ከማይለይ ሴት አንገት ላይ። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም፣ እንግዳ የሚባል ሰው ደጁን አልረገጠም። ሌብነት ትምህርት ቤት ቢኖረው ኖሮ በዚህ ሥራ ዲፕሎማ ይሰጥበት ነበር።

ሳጅኗ ስትደርስ ትልቋ ልጅ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ርዕሰ መምህርት ናት። ስትናገር ጣቷን ታነሳለች፤ ፖሊስንም ቢሆን የምታየው አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ነው።

"እኔ ማንንም አልጠረጥርም" አለች። "ግን ከሁለቱ አስታማሚዎች አንዷ ናት።"

"አለመጠርጠርዎ ደግ ነው" አለች ሳጅኗ። "በሉ ቀስ ብለን እንጀምር።"

"ቀስ" የምትለው ቃል ከአፏ ስለማትጠፋ ጣቢያ ውስጥ የወጣላት ስም "ቀስ በቀስ" ነው። አትቆጣበትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ተረት በሥራዋ ብዙ ጊዜ በዓይኗ አይታዋለች።

እማማ የተኙበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ንጽህናው ግን ልዩ ነው። ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በአየር የሚነፋ ፍራሽ፣ በልክ የታጠፉ ፎጣዎች፤ ከማዶ ደግሞ ለሌሊቷ አስታማሚ የተዘረጋች ታጣፊ አልጋ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ባዶ አንገታቸው ላይ ሐብሉ የኖረበት መስመር ነጣ ብሎ ይታያል።

"ሐብሉን አባባ ናቸው የሰጧቸው፣ እኔ ሳልወለድ" አለች ትልቋ ልጅ። "መቆለፊያው ጉደኛ ነው። ሐኪም ቤት ነርሶቹ ሊያወልቁት ታግለው ታግለው ተዉት።"

"አሁን ግን ተፈታ።"

"ተፈታ። እሱ ነው የሚገርመኝ።"

እማማ ከሐኪም ቤት የወጡ ጊዜ ልጆቹ ተሰብስበው መክረዋል። ትልቋ ልጅ ሃያ አራቱን ሰዓት እንደ ክፍለ ጊዜ ቆራርጣ አከፋፈለችው። ቀን አንዲት አስታማሚ፣ ሌሊት ሌላ፣ በሁለቱ መካከል ራሷ፣ እሁድ ደግሞ ወንድሟ። እናትን ብቻቸውን የሚተው አንዲት ደቂቃ አልነበረችም። ስትናገር ኮራ ብላ ነበር፤ እውነትም የሚያኮራ ሥራ ነው።

ሳጅኗ የሌሊቷን አስታማሚ አስቀድማ ጠራች። ግዙፍ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ "ግንቡ" ይላታል። እማማን በአንድ ክንዷ ታገላብጣቸዋለች።

"ሌሊቱን ነቅተሽ ነበር?"

"ዓይኔን አልከደንኩም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

"ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ አባራ?"

ግንቡ አሰበች። "የምን ዝናብ?"

"የኔ ጫማ እስካሁን አልደረቀም" አለች ሳጅኗ።

ግንቡ እንደ ስሟ አልጸናችም፤ ፈረሰች። "ሊነጋጋ ሲል ትንሽ ሸለብ አደረገኝ። በልጆቼ ሞት፣ ትንሽ ነው። ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ።"

"እንቅልፍ አያሳስርም። ስትነቂ ሐብሉ ነበር?"

"አላየሁም። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ድረስ ተሸፍኖ ነበር።"

ቀጥላ የቀኗ አስታማሚ ገባች። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ቀና ብላ የምታይ ሴት ናት። ጠዋት ትገባለች፣ ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ትሰቅላለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከዚያ በኋላ ከእማማ አትለይም። ሐብሉ አለመኖሩን ያየችው እሷው ናት፤ አንገታቸውን ስታጥብ።

"ራሴ ሰርቄ ራሴ እናገራለሁ?" አለች።

"የሚናገሩም አሉ።"

"እንግዲያው ይፈትሹኝ።"

ተፈተሹ። ከግንቡ ቦርሳ ነጠላ ጫማ፣ ማበጠሪያና አንዲት ትንሽ ትራስ ወጣች። ዓይኗን የማትከድን ሴት ትራስ ይዛ ትዞራለች። ከቀኗ አስታማሚ ቦርሳ ቅያሪ ልብስ፣ የምሳ ዕቃ፣ ቁልፍ ወጣ። ሳጅኗ ልትመልሰው ስትል ጣቷ ከገበሩ ሥር አንድ ነገር ዳሰሰ። ቀጭን፣ የሚንሸራተት ነገር። መቀስ አስመጥታ ገበሩን ትንሽ ተረተረችው።

ሐብሉ ዱብ አለ።

ትልቋ ልጅ እሰይ አላለችም። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "አምኜሽ ነበር" አለች። "እናቴን አምኜ ሰጥቼሽ ነበር።"

"አልነካሁትም" አለች የቀኗ አስታማሚ። አንዴ ብቻ ነው ያለችው።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከዕቃው ጋር የተያዘ ሰው ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ሕጉ እንደሱ ነው። ብቻ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ሾርባውን ይዛ ገባች። እማማ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ ማንኪያውን አዩ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ብትለምን፣ ብታባብል፣ አልከፈቱም።

"ከቀኗ አስታማሚ እጅ በቀር አይበሉም" አለች ልጅቱ እንደ ማፈር ብላ። "ባለፈው እሷን ጉንፋን ይዟት የቀረች ጊዜ እማማ ጉሉኮስ ላይ ነው የዋሉት። ሐኪሙ ዳግመኛ እንዲህ ከሆኑ እንጃ ብሏል።"

የቀኗ አስታማሚ ከኮሪደሩ ሰማች። "ሳጅን" አለች፣ "ላብላቸውና ልሂድ። ከዚያ ያሻዎትን ያድርጉ።"

ሳጅኗ ያልተነካውን ሾርባ አየች። ይህችን ሴት ዛሬ ይዛት ብትሄድ፣ ነገ ማንኪያውን የሚይዘው ማን ነው? "ግቢ" አለቻት። "ቀስ ብለሽ አብያቸው።"

እሷ ስታበላ ሳጅኗ ቦርሳውን ታገላብጥ ጀመር። አሮጌ፣ ጠርዙ የተላላጠ ቦርሳ ነው። ገበሩ ግን መቀሱ ካረፈበት ወዲያ በረድፍ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ደቃቅ፣ እኩል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ። ማንገቻውም እንደዚሁ። ሌባ ዕቃ ሲደብቅ እንዲህ ይጨነቃል? ነገሩ አልዋጥ አላት።

"ስሚ" አለቻት ከበሩ ላይ፣ "ይህን ገበር መቼ አሰፋሽው?"

"ኧረ የት አሰፍቼው። ተቀዶ ሳንቲሜን ሁሉ ይውጥብኛል።"

"ማንገቻውስ?"

"እሱማ ሊበጠስ ነው። በመርፌ ቁልፍ አያይዤው ነው ዛሬ የመጣሁት። አውቶቡስ ውስጥ ሁለቴ ወጋኝ።"

ሳጅኗ ማንገቻውን አየች። መርፌ ቁልፍ የሚባል የለም። ያለው አዲስ ስፌት ነው። እንግዲህ ይህ ስፌት የተሰፋው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ቦርሳው ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ ሳለ።

"እዚህ ቤት መርፌ የሚይዝ ሰው አለ?" ብላ ልጅቱን ጠየቀቻት።

"ማንም። አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ድሮ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ክር እንኳ መርፌ ውስጥ ማስገባት አይችሉም።"

ግንቡ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ ነኝ የማስገባላቸው" አለች። "ማታ ማታ ስገባ መርፌዎቹን ያቀብሉኛል፣ ክር አስገብቼ እሰጣቸዋለሁ። ካልሲ የሚጠግኑ መስሎኝ።"

አባባ ሳሎን ውስጥ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አልጋቸው በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ተሰክቷል። ኮታቸው ተተኩሶ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ቀጥ ብሎ፣ ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። ጠዋት ሳጅኗ ስትጠይቃቸው "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብለዋት ነበር። አሁን ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ እስቲ በባለሙያ ዓይን ይዩልኝ። ይህን የሰፋው ሰው ጀማሪ ይመስለኛል።"

አባባ ቦርሳውን ጠጋ ብለው አዩት፤ ሳጅኗ ቀጠለች።

"የችኮላ ሥራ ነው። ተዝረክርኳል።"

"የቱ ጋ ነው የተዝረከረከው?"

"ይኸው፣ ጫፉ ላይ።"

"እሱ መዝጊያው ነው፣ ልጄ። ክሩ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሁለቴ ካልታሰረ በሳምንቱ ይተረተራል። ተዝረክርኳል ትላለች እንዴ፤ እንኳን በችኮላ፣ ተደላድሎ የሚሠራ ሰውም እንዲህ አይሰፋ..."

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሳጅኗ ወደ ኮታቸው ደረት አመለከተች። ልብስ ሰፊዎች መርፌ በሚሰኩበት ቦታ አንዲት መርፌ ቁልፍ ተሰክታለች።

"ያቺ ጠዋት እዚህ ማንገቻ ላይ ነበረች።"

አባባ ደረታቸውን ዳሰሱ። ሽማግሌ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው። ሳጅኗ ወደ መስኮቱ ዞር አለችላቸው።

"ወስደው ከተቱት እንበል" አለች። "ለምን ሰፉት? ተቀዶ ቢተዉት እኮ እኔም አላውቅ ነበር።"

"ልተወው ነበር" አሉ። "ቀዳዳውን ሳየው እጄ እንቢ አለኝ። ማንገቻውም ሊበጠስ ነው። ያቺ ልጅ በዚያ ቦርሳ ስንት መንገድ ትሄዳለች።"

ልጅቱ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። "አባባ" አለች።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ። "ሊነጋ ሲል ገባሁ። ግንቡ ታንኮራፋለች። እናትሽም ተኝታለች። መቆለፊያውን ከሃምሳ ዓመት በላይ ስቆልፍ ስፈታው ኖሬያለሁ፤ አልነቃችም።"

"ግን ለምን?"

"ስትሰበሰቡ እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ለቀኑ ሰው ሰጣችሁ፣ ለሌሊቱ ሰው ሰጣችሁ፣ እሁድ ብቻ ብቅ ለሚለው ወንድምሽ እንኳ ተራ ደረሰው። አልጋዬን አውጥታችሁ ከቴሌቪዥን ጋር አጋባችሁኝ። 'አባባ እርስዎ ይረፉ' አላችሁኝ። ከምኑ ነው የማርፈው? ከሚስቴ?"

ትልቋ ልጅ ጣቷን አላነሳችም።

"አንዷ ብትባረር ተራው ለኔ የሚደርስ መሰለኝ። እስር ቤት አላሰብኩም። 'በይ ሂጂ' ብቻ የሚሏት መስሎኝ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋዋ፣ የቀኗ አስታማሚ፣ ባዶውን ሳህን ይዛ ከልጅቱ ጀርባ ቆማ ነበር። ቁጥብነቷ አለቀ።

"ምን በድዬዎት ነው?" አለች። "እኔም ልጆች አሉኝ። ሌባ ሊያስብሉኝ? ምን በድዬዎት?"

"ምንም" አሉ አባባ። "ከእጅሽ ትበላለች። የኔን ማንኪያ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ከኔ ታዞራለች፣ ገባሽ? ከዚያ ወዲህ ልብ አልቀረኝም።"

ሴትዮዋ ከቁጣዋ ሥር አንድ ነገር ያሰበች ትመስላለች።

"ከየት በኩል ተቀምጠው ነው የሚያበሏቸው?"

"ከቀኟ ነዋ። የኔ በኩል እሱ ነው። ስንተኛም በዚያ ነው።"

"በቀኝ በኩል አያዩም እኮ" አለች። "ስትሮኩ እሱን ወስዶባቸዋል። ማንኪያው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ከንፈራቸውን ሲነካቸው ይደነግጣሉ። ከርስዎ አልዞሩም፣ አባባ። አላዩዎትም።"

"ማንም አልነገረኝም" አሉ አባባ።

"ለኔ እሷ ነግራኝ ነበር" አለች ትልቋ ልጅ በቀስታ። "ተራ ላላቸው ሁሉ ነገርኩ። እርስዎ ተራ አልነበረዎትም።" ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ አባቷም ሳይሆኑ ያቺ የተበደለችው ሴት ናት ትከሻዋን የነካቻት።

ሳጅኗ ተነሳች። "አሁን ተበዳይዋ አንቺ ነሽ" አለቻት የቀኗን አስታማሚ። "ክሱም ያንቺ ነው። ምን ልበል ጣቢያ?"

አባባ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ፤ ለመሄድ ተዘጋጅተዋል። ወደ አስታማሚዋ ሄዱና በልጃቸው፣ በግንቡና በፖሊሷ ፊት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። "በድዬሻለሁ" አሉ። "አንቺ ንጹህ ነሽ።"

"ዕቃው ተገኝቷል ይበሉ" አለች አስታማሚዋ ለሳጅኗ። ወደ አባባ ዞረችና፣ "ገና አልተውኩልዎትም" አለች። "ሕመምዎ ስለገባኝ ነው እንጂ አንጀቴ አልራሰም። ነገ ግን እመጣለሁ። የምሳው ተራ የርስዎ ነው፤ እኔ አሳይዎታለሁ። አልጋዎን ደግሞ ዛሬውኑ ይመልሱት፤ ግንቡ ትሸከመዋለች።"

"እሸከመዋለሁ" አለች ግንቡ።

"ነገ?" አሉ አባባ።

ሴትዮዋ ሳህኑን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ተነፈሰች። "እጅዎን ይታጠቡ" አለች። "ድስቱ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል።"

አባባ ታጥበው፣ ሳህኑን በሁለት እጅ ይዘው ገቡ። እግራቸው በልማድ ወደ ቀኝ ሊወስዳቸው ሲል አስታማሚዋ ክርናቸውን ይዛ መለሰቻቸው። የአልጋውን ግርጌ ዞረው በማያውቁት በኩል ተቀመጡ። ሳጅኗ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

እማማ አዩዋቸው። መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ፊታቸውን። ደህናዋ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥታ የኮቱን እጅጌ ጨበጠች። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ያን ሁሉ ቀን ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ በፊታቸው ላይ ነበር፣ አንደበታቸው ግን አልመጣ አለ።

"እዚሁ ነበርኩ" አሉ አባባ። "በዚያ በኩል።"

እማማ አፋቸውን ከፈቱ።