የይገዙ እንስራ

ይገዙን መጀመሪያ ያየሁት ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት ነው።

ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቤ ከአሰላ መውረዴ ነበር። አዋሽ ስንደርስ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ብርድ ለምዶ ያደገ ሰውነት አዋሽ ላይ በቀትር ሲቆም ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ጥላ ፍለጋ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ከጣቢያው ጀርባ አንዲት የድንጋይ ቤት አየሁ። በረንዳዋ ላይ ጆንያ የለበሰ እንስራ ቆሟል። አጠገቡ አንድ ወጣት ተቀምጦ የሸሚዙን ክርን ይጠግናል።

«ወንድም፣ ውኃ ታጠጣኛለህ?»

መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካና በጣሳ ቀድቶ ሰጠኝ። ቀዝቃዛ! የአገሬን ምንጭ የሚያስታውስ ቀዝቃዛ!

«ፍሪጅ አላችሁ እንዴ?»

«የምን ፍሪጅ? ከዚሁ ከእንስራው ነው።»

«እባክህ ድገመኝ።»

ደገመኝ። ግማሹን ጠጣሁና የቀረውን አናቴ ላይ ደፋሁት።

«አንቺ! ምን ማድረግሽ ነው?»

ደነገጥኩ። ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። እሱም መቆጣቱን ተወና በጣቱ በረንዳው ጥግ ወዳለች ቀጭን ፓፓያ አመለከተኝ።

«መድፋትሽ ካልቀረ እዚያ ሥሯ ቁሚ። እሷም ጠምቷታል።»

ሄጄ ቆምኩ። ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም። ሌላ ጣሳ ቀድቶ መጣና ቀስ አድርጎ አናቴ ላይ አፈሰሰልኝ። ውኃው ከፀጉሬ ወደ ፓፓያዋ ሥር ሲወርድ ሁለታችንም ሳቅን። ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ይጠራኛል፤ እኔ ውኃ እያንጠባጠብኩ ቆሜያለሁ።

«ቆይ፣ እንዲህ የሚቀዘቅዘው በምንድን ነው?»

«ካገባሽኝ እነግርሻለሁ።»

«ባለጌ!» ብዬው ሄድኩ።

አገባሁት። ምስጢሩን ግን አልነገረኝም። «እንስራው ያልበዋል፤ ሲያልበው ይቀዘቅዛል» ይለኝና ይስቃል።

ይገዙ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር። አባቱ ጋሽ ወልደገብርኤል ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ጨርሰው፣ ያቺን የድንጋይ ቤት ትተውለት አርፈዋል። እኛ ግን ሰመራ ቤት ተከራየን፤ ቤቱም ሞላ። ኤሲ ገባ፣ ፍሪጅ ገባ፣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገባ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? እናቴ አሰላ ዳገት ላይ እንስራ እየተሸከመች ጀርባዋ ጎብጦ፣ በመጨረሻም እዚያው ዳገት ላይ ወድቃ የሞተች ሴት ናት። ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር ለእሷም ጭምር የከፈትኩላት ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ያልነበረው ይገዙ ብቻ ነው። ስደውል አንድ ቀን ሎጊያ ጋራዥ ነው፣ አንድ ቀን ዲቾቶ፣ አንድ ቀን ወደብ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ልጃችን ኩኩ ዳዴ ማለቷንም፣ አፍ መፍታቷንም በስልክ ነው የሰማው። አንድ ከሰዓት አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ኩኩ ወደ ጓዳ ሮጣ መጣች።

«እማዬ! እንግዳ መጣ!»

ይገዙ ሰምቷታል። እንደ ቀልድ ለመሳቅ ሞከረና አልሆነለትም። ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለጉዳይ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ መኪናውን አስረክቦ ነበር።

«ወንጌሌ፣ አዋሽ እንግባ» አለኝ።

«ለጉብኝት?»

«ለኑሮ። ቤቱ አለ፤ ፓፓያው አለ። ፍየል እንገዛለን። ትንሽ ይበቃናል።»

«ይገዙ! እኔ ከትንሽ ይበቃናል ነው እኮ የሸሸሁት! እናቴን ምን እንደገደላት ረሳህ?»

ፊቱ ተለወጠ። እጄን ያዘኝ።

«አልረሳሁም። ቧንቧ ግቢ ድረስ አስገብቻለሁ። ውኃ አትሸከሚም። በእናትሽ አጥንት አትሸከሚም።»

ያን ያህል ርቆ አስቦ መጥቷል። እሺ አልኩት። ኤሲው ተሸጠ፣ ቴሌቪዥኑ ተሸጠ፣ ፍሪጁን ሲጭኑት እያየሁ አለቀስኩ። ወደ አዋሽ ዝውውር ጠይቄ ከነበረኝ ቦታ ዝቅ ባለ ሥራ ሄድኩ። የሥራ ባልደረባዬ ውባየሁ «ባልሽ ሊመንን ነው እንዴ?» አለችኝ። ለይምሰል ስቄ አሳለፍኳት።

አዋሽ ስንገባ ይገዙ አስተማሪ ሆነ። ፍየል ማለብ አስተማረኝ። ልብስ ያጠብንበትን ውኃ ለፓፓያው፣ ሰሃን ያለቀለቅንበትን ለሽፈራው ዛፍ ማጠጣት አስተማረኝ። የሽፈራውን ቅጠል እንደ ጎመን መቀቀል፣ የተቀደደ መጣፍ፣ የፍየል ፍግ ለጓሮው መበተን... እሱ ደግሞ አይሠራም! ወንበሩን ፓፓያው ሥር አድርጎ ቁጭ ይልና «አይደለም ወንጌሌ፣ እንደገና ሞክሪ» ይለኛል። ኩኩ እግሩ ሥር ትጫወታለች፤ ጉልበቱን ታቅፋ ትተኛለች። እኔ ላቤን እየጠረግኩ አያቸዋለሁ። ደስም ይለኛል፣ እበሳጫለሁም።

የማያስነካኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንስራው። ልሞላው ስሄድ ከወንበሩ ይነሳል።

«ተዪው! እሱ የእኔ ነው።»

«ሌላውን ሁሉ የእኔ አድርገህ እሱን ምነው ሰሰትከው?»

«የእኔ ነው አልኩሽ።»

በቧንቧ የሚመጣው ውኃ የሻይ ያህል ይሞቃል። እንስራው ውስጥ ያለው ግን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ጆንያው ርሶ አገኘዋለሁ። እውነትም ያልበዋል እል ነበር።

እየከሳ ሄደ። የሥጋ እጦት መሰለኝ፤ በዚህም ተናደድኩ። አንድ ቅዳሜ ፍየሏ ባልዲውን በእርግጫ ብላ ወተቱ ፈሰሰ። ይገዙ ከወንበሩ ሆኖ «ከጎን ያዢያት ብዬሽ አልነበረም?» አለኝ። እዚያ ላይ በቃኝ!

«አንተ ምን ሆነህ ነው ከወንበር የማትነሳው? ስንፍናህን ቀላል ኑሮ ብለህ ስም አወጣህለት? እኔ ገረድህ አይደለሁም!»

ገብቼ ልብሴን አጠፍኩ፣ የኩኩን ልብስ አጠፍኩ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እዚያው ተቀምጧል።

«ሰመራ ነን» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም።

«ፍየሏን ግን ማለብ ችለሻል አይደል? የዛሬው አንድ ቀን ነው። ጓሮውንም ችለሽዋል። ሄደሽም ብትመለሺ ከእንግዲህ አትቸገሪም።»

«ከእንግዲህ ማለት?»

ዓይኑን ወደ ፓፓያው መለሰ።

«ይገዙ፣ ከእንግዲህ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጉበቴ ነው ወንጌሌ። አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ነው የነገሩኝ። ዘግይተሃል፣ ምንም አናደርግልህም አሉኝ።»

ሻንጣው ከእጄ ወደቀ። ኩኩ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» ጮህኩበት። «ለምን? እኔ ሚስትህ አይደለሁም?»

«ብነግርሽ ታስታምሚኝ ነበር። እኔ ደግሞ አብሬሽ መኖር ነው የፈለግኩት። መጨቃጨቅሽንም ጭምር።» ሊስቅ ሞከረ። «ደግሞ ሰመራ ያለው ኑሮ በእኔ መሪ ላይ የቆመ ነበር። እኔ ስወርድ ይወርዳል። ይህኛው ግን ያለ እኔም ይቆማል። አንቺ ታቆሚዋለሽ።»

ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለካ ያ ሁሉ «እንደገና ሞክሪ» ስንብት ነበር! ፀጉሬን እየዳበሰ ቆየ። እጁ ቀሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የኖርነውን ጊዜ በምን ልንገራችሁ? አጭር ነበር። ግን ሦስታችን አንድ ትሪ ከበን ያልበላንበት ቀን የለም። በርበሬ ሲበዛ ይቆጣኛል፣ እቆጣዋለሁ። ወደ ማታ ኩኩን አቅፎ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ያዘግማል፤ መሸከም ሲያቅተው እጇን ይዞ፣ ያም ሲያቅተው እሷ እጁን ይዛ። እንግዳ ብላው የነበረችው ልጅ ከእሱ ሌላ ሰው ፊቷን እንዲያጥባት እንኳ አትፈቅድም ነበር። ሰመራ ከነኤሲዋና ከነፍሪጇ ይገዙን እንዲህ አድርጋ አልሰጠችኝም።

አንድ ቀን ፓፓያው ሥር ተቀምጠን «የእንስራውን ነገር ዛሬ ንገረኝ» አልኩት።

«ያልበዋል አልኩሽ እኮ።»

«ውሸታም።»

«አግብተሽኝም አታምኚኝም?» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ፈገግታው አልጠፋም።

ፓፓያው የበሰለ ሰሞን ይገዙ አረፈ። ጠዋት ነበር። ራሱ ክንዴ ላይ ነበር። «ኩኩ ቁርስ በላች?» አለኝ። «በላች» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በለቅሶው ጊዜ ጎረቤቱ በጄሪካን ውኃ ሲያመጣልን ሰነበተ፤ እንስራውን ያየ የለም። ሰልስቱ አለፈ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ዘመድም ወደየመጣበት ሄደ። ግቢው ጭር ሲል እንስራውን ከቧንቧው ሞላሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ መሙላቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለኩኩ ቀዳሁላት። አንዴ ተጎነጨችና ጣሳውን መለሰችልኝ።

«ይሞቃል።»

ቀመስኩት። እውነትም ይሞቃል። ጆንያውን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። በማግስቱም ያው ነው፤ ይሞቃል። እንስራው ተሰነጠቀ ወይ ብዬ ዙሪያውን ፈተሽኩት። ምንም አልሆነም።

ጎረቤታችን እትዬ ከውሰር ከአጥሩ ወዲያ ያዩኛል። ባለቤታቸው ከጋሽ ወልደገብርኤል ጋር ባቡር ላይ የሠሩ፣ እሳቸውም ይገዙን ከልጅነቱ የሚያውቁ ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«እትዬ፣ እንስራው ማቀዝቀዝ ተወ። ይገዙ እያለ እኮ...»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ያ አላህ! አልነገረሽም? ጆንያውን ማርጠብ ነው እኮ! እንስራው ብቻውን ይህን ሙቀት መች ይችለዋል?»

«ጆንያውን ማን...»

«እሱ ነዋ! እኔ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ሁሌ እሱ እዚህ ነው። በጣሳ እያርከፈከፈ። ኋላማ አቅም አንሶት ግድግዳውን ተደግፎ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ተንበርክኮ አገኘሁትና ‘ለሚስትህ ንገራት፣ እሷ ትሥራው’ አልኩት። እንቢ አለኝ። ‘እናቷን የቀጠፋት እንስራ ነው እትዬ። እኔ እያለሁ እንስራ አትነካም’ አለኝ።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰነፍ ያልኩት ሰው! ከወንበር አይነሳም ያልኩት ሰው ያለችውን አቅም ሁሉ እኔ ሳልነቃ እዚህ ሲጨርሳት ኖሯል። ያን ቅዳሜ እንኳ፣ ስሰድበው፣ አፌን ያረጠብኩት በዚያ ውኃ ነው።

እትዬ ከውሰር ዞረው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። አልቅሼ እስክጨርስ አላስቆሙኝም።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። እንስራውን ሞላሁት፤ ጀርባዬ ላይ ሳይሆን ባለበት ቦታ፣ በጣሳ እያመላለስኩ። ከዚያ ጆንያውን ከላይ ጀምሬ አርከፈከፍኩት። የተረፈው ውኃ በበረንዳው ጠርዝ እየወረደ ወደ ፓፓያው ሥር ሄደ። መንገዱን ያውቀዋል። ይገዙ በሲሚንቶ ቦይ አበጅቶለታል፤ እስከዚያች ቀን አላየሁትም።

ኩኩ ዓይኗን እያሸች ወጣች። ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች፣ ቆም አለች፣ ደግማ ጠጣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የአባዬ ውኃ!»

«አዎ» አልኳት። «የአባዬ ውኃ ነው።»

የቀረውን አናቷ ላይ ልትደፋው ጣሳውን አነሳች። እጇን ይዤ ወደ ፓፓያው ወሰድኳት።

«እዚህ ቁሚና ድፊው የእኔ ልጅ» አልኳት።