የሚጎድለው ጨው

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ላይ የደረሰ ነው። የምታምኑ እመኑ፣ የማታምኑ ተዉት... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሃያ። ቦታው ሆሳዕና፣ የእትዬ ሃቢባ እንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት።

እትዬ ሃቢባ ትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የዓሣ መስታወት ገንዳ፣ አሠርተዋል። ኮራል ሊገባበት ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፤ የውሃው ጨው ልኩን ካልያዘ ይሞታል። ልኩ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ነው። እሱን ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር።

ዓሣ እንኳ ገና አልገባበትም። አሸዋ፣ ድንጋይና ውሃ ብቻ።

ሰኞ ሠላሳ አምስት አድርጌ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት... ሠላሳ ሁለት።

ጨው ጨምሬ አስተካከልኩ። ረቡዕ ጠዋት... ሃያ ዘጠኝ!

ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። መለኪያው መጨመር እንጂ መቀነስ የለበትም። የውሃው ከፍታ ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጨዋማውን እየቀዳ በቧንቧ ውሃ ይተካል።

ማን?

ቁልፍ ያለን ሁለት ነን፤ እኔና ጥበቃው ጋሽ ጠና። ጋሽ ጠና የፎንቆ ሰው ናቸው፤ ከራሳቸው ጉሮሮ ቀንሰው ለላማቸው ጨው የሚገዙ። የጥበቃ ጎጇቸው ውስጥ ጀሪካን አገኘሁ። ታቹ ላይ ጨው ደርቋል።

"ጋሽ ጠና፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ደነገጡ። "አንድ ቀን ብቻ ነው ልጄ። ሰኞ ማታ፣ አንድ ጀሪካን። ላሟ ግን..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሽትታ ወደ ኋላ ሸሸች። ጨው የምትወድ ላም!"

"የማክሰኞውስ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ አይደለሁም።"

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አልኩ በልቤ። ለእትዬ ሃቢባ ነገርኳቸው። ጋሽ ጠና አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን በር በዚያው ቀን ለቀው ወጡ። አራት ልጆች አሏቸው። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና ሠላሳ አምስት አደረግኩ። ሹፌሩ ጀሚል ኮራሉን ይዞ "ወራቤን አልፌያለሁ" ብሎ ደወለ። ሁለቱንም ቁልፎች ኪሴ ከትቼ፣ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ለካሁ... ሠላሳ አምስት።

ዘጠኝ ከሃያ... ሠላሳ አንድ።

ማንም አልገባም። ዓይኔን እንኳ አልነቀልኩም።

መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ።

ያኔ ሰማሁት። አንድ ሻካራ ነገር... ቀስ ብሎ... ይልሳል።

በትንሿ መስኮት በሚገባው ብርሃን መስታወቱን አየሁ። ጠርዙ ላይ የደረቀው ነጭ ጨው መሃል ሰፊ እርጥብ መስመር ወጣ። ከዚያ ሌላ። የሚልሰው ግን አይታይም።

ፈራሁ። አፈርኩም። ጋሽ ጠና ጋር ደወልኩ።

"ጋሽ ጠና... ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አይደሉም።"

በሹክሹክታ ጠየቁኝ፣

"በሩን ቆልፈሃል?"

"አዎ።"

"ከየት በኩል?"

"ከ... ከውስጥ።"

"ውጣ ልጄ። አሁኑኑ ውጣ!"

ቁልፉን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጠዋት ጨው ያማሰልኩበት ክንዴ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ ደርቆ ነበር።

አሁን መሃሉ ላይ ጨው የለም። ከክርኔ እስከ አንጓዬ ሰፊ እርጥብ መስመር...

ገና ይሞቃል።