የነርስ ሰላምታ

«እማዬ፣ ሴትዮዋ እኮ አይተውሻል!»

እናቷ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የቆሙትን ሴትዮ ዝም ብላ አለፈቻቸው። ባለሱቋም ከንፈራቸውን አጣመው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷ በሁለቱም ፈንታ አፈረች።

ሰፈሩ እናቷን «ኩሩዋ ሲስተር» ይላታል። ልጅቷን ደግሞ የክፍሏ ልጆች «ሬዲዮ» ይሏታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለማ። ኩሩዋ ሲስተር ሬዲዮ መውለዷ ለሰፈሩ ራሱን የቻለ ቀልድ ነበር።

«ሰላም ብትያቸው ምን ትሆኛለሽ?» አለች ሬዲዮ። «‹እናትሽ ሰው ንቃ ሞተች› የሚሉት እኮ እኔን ነው!»

«ይበሉ።»

«እንዴት ይበሉ?»

እናቷ ቆመች። «ስሚኝ፤ እኔ የት ነው የምሠራው?»

«ሆስፒታል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል።»

«እና አንዷን ታካሚዬን መንገድ ላይ አቅፌ ብስማት፣ አብሯት ያለው ሰው መጀመሪያ ምን ብሎ ይጠይቃታል?»

ሬዲዮ ትንሽ አሰበች። «‹ከየት ትተዋወቃላችሁ?›»

«አየሽ? ከዚያ ወይ መዋሸት አለባት፣ ወይ መናገር። የነርስ ሰላምታ ራሱ ወሬ ነው የኔ ልጅ። ስለዚህ የማውቀውንም የማላውቀውንም ቀድሜ ሰላም አልልም። ቀድሞ ሰላም ላለኝ ግን ከአንጀቴ ነው የምመልሰው።»

«እሺ፣ ባለሱቋ ታመው ነበር ማለት ነው?»

«እሱን አልነገርኩሽም» አለች እናቷ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ምክሩ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። የሬዲዮ ጆሮ ለምክር ብዙም አይመችም።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ሄደች። ሬዲዮ ይዛላት ሄደች። የሆስፒታሉ ደንብ ግልጽ ነው፤ የሠራተኛ ቤተሰብ በር ላይ ይቆማል፣ ሠራተኛው መጥቶ ይቀበለዋል። በረኛው ግን ሬዲዮን እናቷ አዝላት ስትመጣ ጀምሮ ያውቃታል። «ግቢ፣ ግቢ! አንቺ ደግሞ የቤት ልጅ አይደለሽ?» አላት። ደስ ብሏት ገባች።

ግቢው መካከል፣ ዛፍ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ «ቀጭኔ» ተቀምጣለች። ቀጭኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠች፣ ከኋላ ያሉት ጥቁር ሰሌዳው እንዲታያቸው ሁልጊዜ አንገቷን ሰበር የምታደርግ የልብ ጓደኛዋ ናት። አጠገቧ የሆስፒታል ፒጃማ የለበሰ ሰው አለ። ቀጭኔ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች።

ሬዲዮ ሰውየውን ከፎቶ ታውቀዋለች፤ የቀጭኔ አባት ነው። የቀጭኔ አባት ግን መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ማዕበሉን፣ ወደቦቹን፣ ስልክ የማይሠራበትን ውቅያኖስ ሁሉ ቀጭኔ ተርካላቸዋለች።

«ቀጭኔ!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ፣ ሳታስበው።

የጥፍር መቁረጫው ከቀጭኔ እጅ ወደቀ። ሰውየው ሬዲዮን ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና ወደ ልጁ ዞረ። «ይቺ ልጅ… አለች?»

«አለች አባዬ። ጓደኛዬ ናት።»

«እንግዲያው እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ እጁን ዘረጋላት፤ ፈገግታው የቀጭኔን ይመስላል። «አትቀየሚኝ፤ አንዳንዴ የሌለ ሰው ይመጣብኛል። ልጄን ሳልጠይቅ ማንንም አልጨብጥም።»

ቀጭኔ ጓደኛዋን ወደ ጥግ ሳበቻት። «ሁሉን ነገር ይጠይቀኛል፤ ድመቷ አለች? የሚጠራኝ ድምፅ አለ? ሐኪሙ በፍጹም እንዳልዋሸው ነግሮኛል። እኔን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ለእናንተ ለሁላችሁም ዋሽቻለሁ። ለሱ ብቻ ነው የማልዋሸው። በናትሽ…»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች ሬዲዮ። ከልቧ ነበር። ምሳ ዕቃውን ለበረኛው ሰጥታ ተመለሰች፤ ያየችውን ለገዛ እናቷ እንኳን አልተነፈሰችም። ሆዷ ምስጢር ችሎ የማያውቀው ልጅ ይህንን ቻለች፤ በዚህም ውስጥ ውስጡን ኮራች።

ነገሩ የተበላሸው መምህር በቀረበት ክፍለ ጊዜ ነው። «ጠበቃው» የሚባል፣ ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት የቀረበ የሚመስለው ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ቀጭኔ! ፋዘርሽ አሁን የት ደርሷል?»

ቀጭኔ የአንድ ወደብ ስም ጠራች።

«ባለፈው ሌላ ነበር ያልሽው! መርከቡ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጠበቃው ሳቁን ሲያገኝ ባሰበት። «አቦ አትፎግሪና! መርከብ የለ፣ ምን የለ። ጥሏችሁ ጠፋ አይደል? በቃ፣ ጥሎኝ ሄደ በይና እንገላገል።»

ቀጭኔ አንገቷን ሰበረች፤ ጥቁር ሰሌዳ ለማሳየት አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሬዲዮ አየች። ዘላ ተነሣች።

«ዝም በል አንተ! ጥሏት አልሄደም! እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት! ታሞ ነው እንጂ! እማዬ ጋ ነው የተኛው!»

«እማዬ ጋ» የት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሬዲዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ምን ያደርጋል። ቀጭኔ አላለቀሰችም። ደብተሮቿን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ጓደኛዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ጠበቃው ምንም አያውቅም ነበር» አለቻት። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ጠበቃውና ሌሎች ልጆች ወደ ሆስፒታሉ አጥር ሮጡ። ሬዲዮ ተከትላቸው ሮጠች፤ ሸሚዛቸውን ጎተተች፣ ለመነች፣ ተሳደበች። አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ይጮሁ ነበር፤ «ካፒቴን! መርከቡ የታለ? ካፒቴን!»

ከወዲያ በኩል የሰውየው ድምፅ ተሰማት። «ልጄ፣ የሚጮሁት ልጆች… አሉ?»

ሬዲዮ በልቧ «የሉም በይው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሺው» እያለች ለመነች።

«አሉ፣ አባዬ» አለች ቀጭኔ።

ሬዲዮ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጣ፣ ልጆቹ ስቀው እስኪበተኑና በረኛው መጥቶ እስኪያስነሣት ድረስ አለቀሰች።

በሳምንቱ እናቷ ከሥራ ስትመለስ የደንብ ልብሷን እንኳን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከክፍሌ አነሱኝ» አለች። «የአንድ ታካሚ ቤተሰብ ከሰሱ። ምስጢራቸው ከነርሶቹ አፍ ነው የወጣው ብለው። እስኪጣራ ልብስ ማጠቢያ ነኝ።» ጫማዋን አወለቀች። «እኔ እንኳን ለሰው፣ ለራሴም አላወራ። ምን እንዳደረግሁ ጠፋኝ።»

የትኛው ታካሚ እንደሆነ አልተናገረችም። ሬዲዮ ግን አወቀች፤ ቀጭኔ ስሟን ለቤተሰቧ አላነሣችም ማለት ነው፤ ከሆስፒታሉ ሰዎችም ግቢ ውስጥ ያያት በረኛው ብቻ ነው፤ በረኛውም ለእንጀራው ብሎ አፉን ይይዛል። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም ነበር። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ቀላል ሆኖ ታያት።

«እማዬ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አልመታቻትም፤ አልጮኸችባትምም። ብትመታት ይሻል ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ሬዲዮ እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ሁለቱም የነርሶቹ ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷ ተናግራ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ሲያበቃ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ካርዱን እንቆልፋለን፤ ኮሪደር ላይ ስም አንጠራም፤ በር ሳንዘጋ አናወራም» አሉ። «ምስጢሩ ግን በምሳ ዕቃ ወጣብን።»

«ልጄ በር ላይ እንድትቆም ያላስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች እናቷ።

«እሱስ ልክ ነሽ። እንዳላወራሽ አሁን አውቄያለሁ፤ ለቤተሰቡም ጥፋቱ በእኛ በር መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ግን ወደዚያ ክፍል አልመልስሽም። አንቺን ባዩ ቁጥር ይህን ነው የሚያስታውሱት።»

እናቷ አንገቷን ነቀነቀች። ያንን ክፍል እንዴት እንደምትወደው ሬዲዮ ታውቃለች።

«እኔ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ» አለች ሬዲዮ እያለቀሰች። «እግራቸው ላይ ልውደቅ።»

ኃላፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎረቤቱ ወጥቶ ‹ምን ሆና ነው እግራቸው ላይ የወደቀችው?› ሲል ምን ሊሉ ነው? ይቅርታሽም ወሬ ይሆንባቸዋል ልጄ። የሚያቀልለው ያንቺን ሸክም ብቻ ነው።»

ቀጭኔ ትምህርት ቤት ቀየረች። ወንበሯ ባዶ ሆነ፤ ከኋላ ያሉት አሁን ጥቁር ሰሌዳው በደንብ ይታያቸዋል። ሬዲዮም እንደተዘጋች ቆየች። ልጆቹ «ባትሪ ጨረሰች» ብለው ቀለዱ፤ ከዚያ ቀልዱም ሰለቻቸው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩቁ ከሰው ሁሉ በላይ የወጣ አንገት አየች። ቀጭኔ ናት። አባቷን በእጁ ይዛዋለች። ከስቷል፤ ግን ንጹሕ ሹራብ ለብሷል፤ ፂሙም ተላጭቷል። በባለሱቋ ደጃፍ በኩል ወደ እሷ እየመጡ ነው።

የሬዲዮ እጅ ለሰላምታ ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ መልሳ አወረደችው። ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ፣ ልታልፋቸው ተራመደች።

ሰውየው ቆመ። «ልጄ፣ ያቺ… ግቢ መጥታ የነበረችው ጓደኛሽ አይደለችም?»

«ጓደኛ የለኝም፣ አባዬ» አለች ቀጭኔ። አልዋሸችውም። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ የልጁን እጅ ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«የለችም ማለት ነው?» አለ በሹክሹክታ። «ይኸው እኮ ትታየኛለች… ከነቦርሳዋ ትታየኛለች…»

ሬዲዮ ዞረች።

«አለሁ አባባ» አለች። «አልተሳሳቱም። ጓደኛዋ ነበርኩ።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። «ተመስገን» አለ። ከዚያም እንደዚያን ቀን እጁን ዘረጋላት። «ደህና ነሽ? ጠፋሽብን እኮ።»

ሬዲዮ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ይቅርታ ያድርጉልኝ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። ባለሱቋ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ቀጭኔም ያንን ቃል ፈርታ ስትጠብቅ ከፊቷ ያስታውቃል። ሬዲዮ ዋጠችው።

«እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልኝ» አለች።

ሄዱ። ቀጭኔ ጥግ ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ዞር ብላ አየቻት፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከዚያ ከነአባቷ ተሰወረች።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ባለሱቋ ወዲያው። «የማን ሰዎች ናቸው? ከየት ትተዋወቃላችሁ?»

ሬዲዮ እንባዋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ቤቷ መንገድ አዞረች።

«ወይ ኩራት!» አሉ ሴትዮዋ ከኋላዋ። «ቁርጥ እናቷን!»

አልዞረችም። ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መንገዷን ቀጠለች።