ስድስተኛዋን ማን ቆጠራት?

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ጂን አየሁ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ “እራትህን በልተህ ነበር?” እያልኩ የማሾፍ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወዳጄ ይህን የምነግርህ እያፈርኩ ነው፣ ብዋሽህ ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልፏታል፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር ላይ ባለች ቤት ብቻዬን ነው የምኖረው፣ መካነ ኢየሱስ ያለችው ታናሽ እህቴ በየሳምንቱ እየደወለች “ወንድምዓለም፣ ዝውውር ጠይቅና እኛ ጋ ና፣ ሰው ከግድግዳ ጋር አይኖርም” ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ማመልከቻውንም ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ያን ማታ፣ ኅዳር ነው፣ መብራት ጠፍቶ ከተማው ጨልሟል፣ ሰው ሲያማርር እኔ ደስ ብሎኝ አሮጌ ቴሌስኮፔን ጓሮ አወጣሁ። ስፈልጋት የከረምኩ አንዲት ደብዛዛ ሞላላ ጋላክሲ ነበረች፣ መስተዋት ላይ ተንፍሰህበት የሚቀረውን ጉም ነው የምትመስለው፣ አገኘኋት። ከሷ አለፍ ብሎ የተጠጋጉ ጋላክሲዎች መንጋ አለ፣ እነሱን መቁጠር ጀመርኩ። ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ አልጽፍም፣ ስልኬ ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ “አንድ... ሁለት...” እያልኩ አምስት አገኘሁ፣ ከዚያ በላይ አልታየኝም። ከኋላዬ ደረቅ ሣር ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ፣ ንፋስ ነው ብዬ አልዞርኩም።

ቤት ገብቼ የተቀዳውን ድምፅ ስከፍተው፣ “አምስት” ካልኩ በኋላ ዝም ይላል፣ ሣሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው በሚመስል ቅርበት፣ “ስድስት” ይላል። የወንድ ድምፅ ነው። እመነኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ የባለቤቴ ድምፅ ባለመሆኑ አዘንኩ።

በማግስቱ ለጎረቤቴ ለመሪጌታ አሰማኋቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ጊዜ ሰሙና “ሁሉም ያንተው ድምጥ ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

“ስድስት እኮ አላልኩም፣ የኔታ።”

“እንግዲያ ብቻህን አትደር” ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ሲመሽ ተመልሼ ወጣሁ። ከአምስቱ ዝቅ ብሎ፣ ረጅም ሰዓት ዓይኑን ለተከለ ብቻ የምትታይ አንዲት ጭላንጭል አለች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ማመልከቻውን እስካሁን አላስገባሁም፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ባለፈው እሁድ እህቴ ደውላ “እስከ መቼ ነው ብቻህን?” ስትለኝ፣ “ኧረ ብቻዬን አይደለሁም” አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሷ ግን ደስ ብሏት እየሳቀች “ተመስገን! ማናት?” አለችኝ፣ እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ዞር ብዬ የጓሮውን በር አየሁ።